ድሩ መቼ ያብራል? ስለ ኬቭላርና ስለ ኢፖክሲ ቅብ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጀልባ ባለቤቶችና በቀለም ቀቢዎች ዘንድ መነጋገሪያ የሆነ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የኢፖክሲ ቅብን፣ ማለትም ሬዚንና ማጠንከሪያ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበትን ቅብ፣ ኬቭላር በተባለ ሰው ሠራሽ ክር ማጠናከር ነው። ጸሐፊው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ይጀምሩና አምስት ነገር ይነግሩናል። አንደኛ፣ ኬቭላር ከብረት አምስት እጥፍ ስለሚጠነክር ክሩ የገባበት ቅብም ያንኑ ያህል ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ ክሩን በመቀስ ቆራርጦ ቅቡ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ መበተን ይበቃል፤ በበዛ ቁጥርም ይሻላል። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለው ቅብ በዛገ ብረትም ሆነ በአሮጌ ቀለም ላይ ይይዛል። አራተኛ፣ የጣና ውሃ ጨው ስለሌለበት ቅቡን አይጎዳም፣ ፀሐይም ክሩን አይነካውም። አምስተኛ፣ የመስታወት ጨርቅ (ፋይበር ግላስ) ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው።

ባሕር ዳር ላይ ጀልባና የውሃ ታንከር በመጠገን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ የጻፉትም በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ጽሑፉን አምነው ለሥራ የተነሡ ሰዎች የምሠራበት ቦታ ድረስ መጥተው ክር ጠይቀውኛል። እነዚህ ሰዎች የሚጠግኗቸው ጀልባዎች ዘጌ የሚሳለሙ እናቶችን፣ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎችንና ተማሪዎችን ጭነው ሐይቅ የሚያቋርጡ ናቸው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከአምስቱ እጥፍ ልጀምር። የኬቭላር ክር ብርቱ መሆኑ እውነት ነው። ውፍረቱ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የኬቭላር ነዶ ቢሰበሰብና በርዝመቱ ቢጎተት ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ተሸክሞ ነው የሚበጠሰው። ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው የደረቀ ኢፖክሲ ግን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ላይ ይሰበራል። አምስት እጥፍ የሚባለው ንጽጽር ደግሞ ክሩ ብቻውን፣ በእኩል ክብደት ከብረት ጋር ሲመዘን የሚነገር ነው። በውስጡ ጥቂት ክር ስለተበተነበት ቅብ የተነገረ ነገር የለም። አንድ እፍኝ ጤፍ የገባበት የማሽላ ሊጥ የጤፍ እንጀራ አይወጣውም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ጥንካሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ክሩን ያገኙት አሜሪካዊቷ የኬሚስትሪ ባለሙያ ስቴፋኒ ክዎሌክ ናቸው፤ ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1965፣ ቦታውም የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነበር። የተፈለገው ለመኪና ጎማ የሚሆን ቀላልና ብርቱ ክር ነው። ክዎሌክ ያዘጋጁት ፈሳሽ ደብዛዛና ቀጭን ስለነበር ሌላ ሰው ቢሆን የተበላሸ ነው ብሎ ይደፋው ነበር። እርሳቸው ግን አስፈተሉት። ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ገና በፈሳሹ ውስጥ ሳሉ ጎን ለጎን ተሰልፈው ነበርና፣ ሲፈተሉ ሰልፋቸውን እንደያዙ ክር ሆኑ። የኬቭላር ጉልበት ያለው በዚያ ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ። በጎን ሲጫኑት ወይም በርዝመቱ ሲገፉት ግን ይታጠፋል፤ ለግፊት ያለው አቅም ለጉተታ ካለው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ይህን ክር ቆራርጦ በየአቅጣጫው መበተን ማለት ክዎሌክ በሰልፍ የሠሩትን መልሶ ማፍረስ ነው።

ለዚህም ቀላል ስሌት አለ። ከቅቡ ይዘት መቶ እጅ ሁለቱ እጅ የኬቭላር ክር ይሁን፤ በየአቅጣጫውም ይበተን። እንዲህ ሲበተን ለአንድ አቅጣጫ የሚያገለግለው ከክሩ አቅም አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ተሰልቶ ሲታይ የቅቡ ግትርነት፣ ማለትም አልሳብ አልታጠፍ ባይነቱ፣ ከ15 በመቶ በላይ አይጨምርም። ጭማሪ ነው፣ አልክድም። አምስት እጥፍ ግን ከዚህ እጅግ ይርቃል።

ተረቱም ቢሆን የሚመሰክረው ለእኔ ነው። አንበሳ የሚያስረው ያበረው ድር ነው። ማበር ማለት መገመድ፣ መሸመን፣ ጎን ለጎን መተሳሰር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ክር በቆርቆሮ ውስጥ መበተን፣ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ የቅብ ድርብ ሲደርቅ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም። በመቀስ የተቆረጠው ክር ደግሞ ቢያጥር ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቅቡ ውፍረት ሃያ እጥፍ ገደማ። ይህ ክር ቅቡ ውስጥ ሊቆም አይችልም። ወይ ይተኛል፣ ወይ ጫፉ ይወጣል። ብሩሹ ሲጎትተው እንደ ባዘቶ ይጠቀለልና አንዱ ቦታ ጉብታ፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል። ቀቢው ሲቸገር ምን ያደርጋል? ቲነር ይጨምራል። ቲነሩ በሙሉ ስለማይተንን የተረፈው ቅቡ ውስጥ ይቀራል፤ ቅቡም ሳይጠነክር ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ይጠንክር ብሎ ማጠንከሪያውን ያበዛል። ኢፖክሲ ግን እንደ በርበሬ በጣት ግምት አይጨመርም። ሬዚኑና ማጠንከሪያው ሞለኪውል ለሞለኪውል የሚጋቡ ናቸው፤ አምራቹ ሁለት ለአንድ ካለ ሁለት ለአንድ ነው፣ አምስት ለአንድ ካለም አምስት ለአንድ። የተረፈው ማጠንከሪያ አጋር ስለማያገኝ ቅቡን ያልመዋል እንጂ አያጠነክረውም።

ከቅቡ ላይ ጫፉን ያወጣው ክር የባሰ ነው። የኬቭላር ክር እርጥበት ይጠጣል፤ ከክብደቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይይዛል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ክሩ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ውስጥ ይስባል። የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የወይጦ ባለሙያዎች ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ እጅግ ቀላልና የምታምር ናት፤ ደንገሉ ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውሃ ሲወጡ ጎተት አድርገው ፀሐይ ላይ ያስደግፏታል፣ ያደርቋታል። የብረት ጀልባ ቅብ ውስጥ የገባን ክር ግን አውጥቶ የሚያሰጣው የለም።

«ታዲያ ክር በቅብ ውስጥ ዋጋ የለውም ማለትህ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ጎጃም ውስጥ ቤት ሲመረግ አይቶ ያደገ ሰው ክር በቅብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከማንም መጽሐፍ ቀድሞ ያውቃል። ጭቃው ሲቦካ የጤፍ ጭድ ይገባበታል። ወዲያው አይመረግም፤ ለቀናት ይተዋል፣ ይረገጣል፣ እንደገና ውሃ ይጠጣል፣ ጭዱ ለስልሶ ከጭቃው ጋር እስኪዋሐድ ድረስ። ጭዱ ግድግዳውን እንደ ድንጋይ አያጠነክረውም። ሥራው ሌላ ነው፤ ጭቃው ደርቆ ሲሰበሰብ አንድ ትልቅ ስንጥቅ እንዳይወጣ ስንጥቁን በብዙ ጥቃቅን ቦታ ይከፋፍለዋል፣ ምርጊቱንም ከማእዘን ላይ እንዳይናድ ይይዘዋል። ከምርጊቱ በኋላ ደግሞ ልስኑ ይመጣል፤ በእበትና በአመድ የላመ፣ ጭድ የማይታይበት። ማንም ባልትና ያላት ሴት ጭዱ ተንጨብርሮ የሚታይ ግድግዳ «አለቀ» አትልም።

ኢፖክሲውም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ክር የሚገባበት ድርብ ከሥር ነው የሚቀመጠው፤ ላዩ ያለ ክር በሁለትና በሦስት ድርብ ይዘጋል። ክሩ የሚያስፈልገውም ሁሉም ቦታ አይደለም። ብየዳ ያለበት መጋጠሚያ ላይ፣ የኮንክሪት ታንከር ስንጥቅ ላይ፣ ሹል ጠርዝ ላይ ያስፈልጋል። ፈሳሽ ቅብ ከሹል ጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ ለዚህ ነው ዝገት ሁልጊዜ ከጠርዝ የሚጀምረው። እዚያ ላይ አንድ ጠባብ የጨርቅ ጥብጣብ ማስተኛት ቅቡን ባለበት ያቆየዋል። የኬቭላር ክር በጣም ደቅቆ እንደ ጥጥ ብናኝ ሆኖ በፋብሪካ የሚዘጋጅበት ዓይነትም አለ፤ ሙጫና ኢፖክሲ እንዳይፈስ ለማወፈር ይጠቅማል፣ በፍሬን ሸራና በጋስኬት ውስጥም የአስቤስቶስን ቦታ ተክቷል። እርሱና በመቀስ የተቆራረጠ ገመድ ግን ለየቅል ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ «ክር ካለበት ዝገት ላይም ይይዛል» ወደሚለው። ይህን ሳነብ በእውነት ደነገጥኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ የብረት ጀልባ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ በፊት የቀባው ሰው ክር የበዛበት ኢፖክሲ ነበር የተጠቀመው፤ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። በቢላዋ ጠርዙን ከፍ አድርጌ ስስበው አንድ ክንድ የሚያህል ቅብ እንደ ቆዳ ተገፈፈ። ከሥሩ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነባብሯል፣ በአንድ ቦታ ብረቱ በጣት ሲገፋ ይሰረጉድ ነበር። ቅቡ አልተበጠሰም። በክሩ ምክንያት አንድ ላይ ተያይዞ ነው የለቀቀው። ክር የሌለበት ቅብ ቢሆን ኖሮ ገና በጊዜው በየቦታው ተላልጦ ባለቤቱን ያስጠነቅቅ ነበር፤ ይህ ግን ብረቱን ሸፍኖ ከውስጥ እንዲበላ ፈቀደለት። ሰው አሳፍሮ ጣናን ሲያቋርጥ የከረመ ጀልባ ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ቅብ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ ተጎትቶ በመበጠስ አይደለም፤ ከያዘው ነገር በመላቀቅ ነው። የክር ጥንካሬ ያለው በቅቡ ውስጥ ነው፣ ቅቡና ብረቱ በሚገናኙበት ቀጭን መስመር ላይ ግን ክር የለም። እዚያ ያለው ብረቱ፣ ኢፖክሲውና በመካከላቸው የቀረው ቆሻሻ ብቻ ነው። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያሱት እንጀራው እንዳይዝ ነው። የዘይት እጅ ያረፈበትን፣ የሞተር ጭስ የጠጣውን ብረት ሳያጸዳ የሚቀባ ሰው ምጣዱን አስሶ ነው የሚጋግረው፤ እንጀራው በሙሉ ቢነሣ አይግረመው።

አሠራሩ ረጅም ነው፣ አድካሚም ነው፣ ማሳጠሪያ ግን የለውም። መጀመሪያ ቅባቱ ይታጠባል፣ ከዚያ ይፋቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያሸዋል። ከተቻለ በአሸዋ ግፊት፣ ካልተቻለ በግራይንደርና በብረት ብሩሽ ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ ይጸዳል። ብረቱ እንዳይለሰልስ፣ ሻካራ ሆኖ እንዲቀር ይደረጋል። ከዚያም በዚያው ቀን፣ አዲስ ዝገት ሳያወጣ ይቀባል። የክረምት ጠዋት ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ብረት ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ ብረቱን በጤዛ ርሶ ታገኙታላችሁ። ደንቡ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚጀምርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መብለጥ አለበት የሚል ነው። እርጥበት ባለበት የደረቀ ኢፖክሲ ላይ ደግሞ ሰም የመሰለ፣ እጅ ላይ የሚያሟልጭ ሽፋን ይወጣል። በውሃ ካልታጠበ፣ ከታጠበም በኋላ ካልተፋቀ ቀጣዩ ድርብ አይይዘውም። ብዙ ሰው የሁለተኛው ድርብ መላጥ ምክንያቱ ይሰወርበታል፤ ይኸው ነው።

አራተኛው ነጥብ ውሃና ፀሐይ ነው። ጣና ጨው የሌለው ሐይቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ባዶ ብረትም በባሕር ውሃ ከሚዛገው ያነሰ ይዛጋል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቅብን በተመለከተ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማንኛውም ቅብ በጥቂቱ ውሃ ያሳልፋል። ከቅቡ ሥር ጨው ከቀረ፣ የእጅ ላብም ቢሆን፣ ውሃ ከቀጠነው ወደ ወፈረው፣ ጨው ከሌለበት ወደ ጨዉ ይጓዛል። በውጭ ያለው ውሃ ንጹሕ በሆነ መጠን የመሳቡ ኃይል ይበረታል። የባሕር ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል፤ የጣና ውሃ ግን ከቅቡ ሥር ላለው ጨው የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። ቅቡ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ያብጣል፣ ሲፈነዳም ውስጡ ፈሳሽ ይገኛል። የእጅ ጣቶችን ቅርጽ ይዞ ያበጠ ቅብ አይቻለሁ፤ ብረቱ ከታጠበ በኋላ ቀቢው በባዶ እጁ ደግፎት ነበር። ስለዚህ ብረቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካ። ክር ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ውሃ የሚስብ ክር መንገዱን ያሳጥረዋል።

ስለ ፀሐይ የተባለው ደግሞ ፍጹም ስሕተት ነው። ኬቭላር ከሙቀት ይችላል፤ አይቀልጥም፣ ከ400 ዲግሪ በላይ ካልደረሰም አይፈርስም። ከፀሐይ ጨረር ግን አይችልም። ከወርቃማ ቢጫነት ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ ጉልበቱንም ያጣል። ኢፖክሲው ራሱም በፀሐይ ይነጣል፣ እንደ ጠመኔ ይቦናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትርን ታልፋለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በኢፖክሲ የተሠራ ሁሉ፣ ክር ኖረውም አልኖረው፣ ላዩ ፀሐይ በሚችል የፖሊዩሬታን ቀለም መሸፈን አለበት። ይህን ያልነገረ ጽሑፍ ዋናውን ነገር ትቷል።

በመጨረሻ የመስታወት ጨርቅ። ጊዜው አልፏል የተባለው ይህ ጨርቅ ለእኛ ሥራ ከኬቭላር የሚሻልበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱን ብቻ ላስረዳ፤ ሌላው ቢረሳ ይህ አይርሳ። የመስታወት ጨርቅ ኢፖክሲ ሲጠጣ ይጠራል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ይታያል። ያልጠጣበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሠራተኛው ዓይቶ በሮለሩ ይመለስበታል። ኬቭላር ግን ጠጥቶም ሳይጠጣም ያው ቢጫ ነው። ደረቅ ቦታ ቀርቶበት እንደሆነ ልምድ ያለው ሰው እንኳ በዓይኑ አይለየውም። ብርጭቆ ወረቀትም አይሠራበትም፤ ሲፋቅ አይለሰልስም፣ ጠጉር ያወጣል። በተራ መቀስም በቀላሉ አይቆረጥም።

ኬቭላር ቦታ የለውም አልልም። ጀልባን ከውጭ ድንጋይ ሲመታው በውስጠኛው ገጽ ላይ የሚፈጠረውን መቀደድ የሚይዘው እርሱ ነው። ቀላል ታንኳ የሚሠሩ የውጭ አገር ባለሙያዎች ኬቭላሩን ብዙ ጊዜ ወደ ውስጠኛው ገጽ፣ ጉተታ ወዳለበት ያደርጉታል፣ ውጩን በመስታወት ይሸፍኑታል። የዘጌን ጥቁር ድንጋይ ሲታከክ የሚውለው ውጩ ነውና እኛም ውጩን ለመስታወቱ ብንተውለት ትክክል ነው። እንደ ጨርቅ ተሸምኖ፣ በሁለት የመስታወት ድርብ መካከል ሲተኛ ግሩም ነገር ነው፤ በየቆርቆሮው ሲበተን ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የመስታወቱን ነገር ካነሣሁ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ተቆራርጦ በሙጫ የተያያዘው ምንጣፍ ዓይነት ነው። ያ ሙጫ በአብዛኛው የተሠራው ፖሊስተር በተባለው ሌላ ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚሉት ማሟሚያ እንዲሟሟ ነው፤ ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን ስለሌለ ምንጣፉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፣ ጠርዝ ላይም አይታጠፍም። ለኢፖክሲ የተሸመነውን ጨርቅ ፈልጉ። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው ለመጋጠሚያ ይበቃል፤ ያንኑ ያህል ክብደት ኢፖክሲ ይጠጣል ብላችሁ አዘጋጁ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይለያችሁ፤ ማጠንከሪያው ቆዳ ያስቆጣል፣ የሚፋቀው የመስታወት ብናኝም ሳንባ አይምርም።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ካልተቀበሉ የማንንም ቃል ማመን አይጠበቅባቸውም። ሁለት የቆርቆሮ ቁራጮች ይውሰዱ። አንዱ የዛገና የዘይት እጅ ያረፈበት ይሁን፤ እርሳቸው ባሉት መንገድ ክር የበተኑበትን ኢፖክሲ ይቀቡት። ሌላውን ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ነጥቶ ሳለ ክር በሌለው ኢፖክሲ ይቀቡት። ሳምንት ይድረቁ፤ ከዚያ ሁለቱንም በጣና ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አንድ ወር ያቆዩአቸው። ሲያወጧቸው መሃላቸው ላይ በቢላዋ መስቀል ይሰንጥቁና ከመስቀሉ ጫፍ ጀምረው ለመገንጠል ይሞክሩ። የቱ ተገፎ እንደሚነሣ፣ የቱስ ቢላዋውን እንደሚያደክም እጃቸው ይነግራቸዋል።